የቀኝ ሌንስ ነጥብ

ማክሰኞ፣ ጥር 7

ደብተሩን የሰጠችኝ ታላቄ ናት። "ከጸሎትሽ የተረፈውን እዚህ ላይ አራግፊው፣ የእኔ ጆሮ ሞልቷል" አለችኝ። እሺ። ተመስገን ብዬ እጀምራለሁ፤ ጤና አለኝ፣ ሥራ አለኝ፣ ጆሮዋ የሞላ እህት አለችኝ።

መነጽር ቤት ጓዳ ውስጥ መሥራት ከጀመርኩ ዘንድሮ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ሐኪም የጻፈውን ወረቀት አይቼ ሌንሱን እሞርዳለሁ፣ ፍሬሙ ላይ እገጥማለሁ። ባለቤቱ ጋሼ ከፊት ሆነው ደንበኛ ያስተናግዳሉ። ዛሬ አሥራ አንድ መነጽር ሠራሁ። የመጨረሻው የልብስ ሰፊዋ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን ከማስተምራቸው ልጆች የአንዷ፣ የጭምቷ እናት ናት። የሴትዮዋ ሁለት ዓይኖች አይመጣጠኑም፤ አንዱ ብርቱ፣ አንዱ በጣም ደካማ። ሁለቱ ሌንሶች እንዳይምታቱ በቀኙ ላይ በቀለም ነጥብ እናደርጋለን፣ ከገጠምን በኋላ እንጠርጋታለን። ጋሼ "ሴትዮዋ ቆማለች፣ ቶሎ በይ" ሲሉኝ ሳልገጥም ጠረግኳት። ቢሆንም የቱ የቱ እንደሆነ አውቄ ነው የገጠምኩት። እጄ ያውቃል።

ቅዳሜ፣ ጥር 11

ስምንቱም ተማሪዎቼ መጡ። ተመስገን። በዚህ ዕድሜያቸው ቅዳሜን ከኳስና ከስልክ ነጥቆ ማምጣት ቀላል አይደለም።

የክፍላችን ሕግ አንድ ናት፦ ሳምንቱን እንዴት እንደኖርን ስንናገር የቤተ ክርስቲያን ቃል ክልክል ነው። "ተባረክሁ" የለም። "ጌታ ረዳኝ" የለም። ምን እንደሠራህ ብቻ ተናገር፣ ጌታ መርዳቱን እኛ እናውቅለታለን። ሕጓን ያወጣኋት እኔ ነኝ፤ ልጆች ቃሉን ካወቁ ኑሮውን የኖሩ እየመሰላቸው ስላስቸገሩኝ ነው።

ጠበቃው ተነሣ። ስሙን ያወጡለት ጓደኞቹ ናቸው፤ "ደህና አደርክ" ብትለው "በምን ማስረጃ?" የሚል ልጅ ነው። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የቤት ሥራውን ከማንም ሳይገለብጥ እንደሠራ ነገረን። "ከሃያ አምስት አገኘሁ። ግን አምስቱም የራሴ ናቸው።" ሳቅን፣ ቀጥሎ አጨበጨብን። አንዷ ማንም አጠገቧ ከማይቀመጥ ልጅ ጋር ሳምንቱን ሙሉ ተቀምጣለች። ጭምቷ እንደ ልማዷ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሰች፦ "እናቴ ስትጠራኝ በመጀመሪያው አቤት አልኩ።"

እምነት ከአፍ በፊት እጅ ላይ ይታይ ብዬ አፌን ሞልቼ ትምህርቱን ዘጋሁ።

ማክሰኞ፣ ጥር 14

ልብስ ሰፊዋ ተመልሳ መጣች። መጋረጃው አጠገብ ስለነበርኩ ሁሉን ሰማሁ። መነጽሩን ስታደርግ ወለሉ ወደ ላይ ይመጣባታል፣ ራስ ምታቱ እስከ ማጅራቷ ይወጋታል። "ልክ አይደለም" አለቻቸው። ጋሼ ዓይን ልማድ ነው፣ ሁለት ሳምንት ይስጡት አሏት። ቀጥለውም ለደንበኛ ሁሉ የሚሏትን አሏት፦ የእኔ ሠራተኛ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ቀን እጇ አልሳተም።

እጀታውን እንዳላላው ወደ ጓዳ አሳለፉልኝ። አላላሁት። እግረ መንገዴንም የሌንስን ቁጥር የሚያነበው መለኪያ ላይ አስቀመጥኩት።

መለኪያው አርጅቷል። አንዳንድ ጊዜ ይቀባጥራል። መጽዳት አለበት።

መነጽሩን መልሼ ሰጠኋት። አመሰገነችኝ።

ረቡዕ፣ ጥር 15

መለኪያውን አጸዳሁ። የሰባት ሰው መነጽር ለካሁበት። ሰባቱም ልክ። ተመስገን፣ መሣሪያው ደህና ነው።

አምና ጋሼ አንድ ሠራተኛ አባረሩ። የአንድ ደንበኛ ቀኝና ግራ ሌንስ አቀያይሮ ገጥሞ ነው። በሩ ላይ ቆሞ ሲለምናቸው አልፌው ገባሁ። ለታላቄም "ሰው ሥራው ላይ ልቡን ማድረግ አለበት" ብያት ነበር። ለምን ዛሬ ትዝ አለኝ? እንጃ።

ቅዳሜ፣ ጥር 25

ያለፈው ሳምንት ሥራ በዝቶ አልጻፍኩም።

ጭምቷ አልመጣችም። እናቷ ለአንድ ትምህርት ቤት ዩኒፎርም ትሰፋለች፣ ሁለት ኮሌታ ጠምማ ሰፍታ መልሰውባታል። መርፌ ላይ ክር ማስገባት አቅቷታል። ዓይኗ እየጠፋ መስሏታል። የዓይን ሐኪሙ ተራ ከሁለት ወር በፊት አይደርስም። ስለዚህ ጭምቷ ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች የስፌት መኪናው ላይ ትቀመጣለች። ይህን ሁሉ የነገረን ጠበቃው ነው፤ ቤታቸው አጠገብ ለአጠገብ ነው።

እንዲህ ያለች ልጅ የሰጠኸኝ ተመስገን አልኩ። ልጆቹም እንዲማሩባት ስለ ጭምቷ ብዙ ተናገርኩ፤ ይህ ነው አገልግሎት፣ ይህ ነው የሚኖር እምነት አልኳቸው።

ቅዳሜ፣ የካቲት 2

ጭምቷ ትምህርት አቋረጠች። ከሰኞ ጀምሮ ቀርታለች። የዚህ ዓመት ልብስ ማስረከቢያው እየደረሰ ነው፣ እናቷ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ጨርሶ አታይም። የክፍሏ ኃላፊ መምህር ለጠበቃው ነግሮታል፦ እስከ የካቲት 25 ካልተመለሰች የመጨረሻው ፈተና ዝርዝር ውስጥ አትገባም፣ ዓመቱን ትደግማለች። ከክፍሏ አንደኛ የምትወጣ ልጅ ናት።

ሃያ ሦስት ቀን ነው የቀረው።

ጋሼን ላነጋግራቸው ብዬ ሦስት ጊዜ ተነሣሁ። አንዴ ስልክ ላይ ነበሩ። አንዴ ደንበኛ መጣ። አንዴ ደግሞ ምንም አልነበረም።

ሰኞ፣ የካቲት 4

ተመስገን። ዛሬ ሥራ በዛ። ማሰብ አያስፈልግም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 9

ልጆቹ ራሳቸው መከሩ። በተራ እየሄዱ ልብስ ሰፊዋን ያግዛሉ፤ ሁለቱ ካውያ፣ ሁለቱ ቁልፍ መትከል፣ ሁለቱ የተረፈ ክር መልቀም። ጭምቷ ቢያንስ ማታ ማታ መጽሐፍ እንድትገልጥ። እኔ አላዘዝኳቸውም። ስብሰባቸውን በር ላይ ጨርሰው መጥተው ነገሩኝ፤ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። አስተማሪ ለዚህ ነው የሚኖረው። እንባዬ መጣ፣ ይህን እውነቱን እጽፋለሁ።

እኔም አብሬ ሄድኩ። አንድ ክፍል ነው፣ መሐሉ በመጋረጃ ተከፍሏል። የስፌት መኪናው መስኮቱ ሥር ነው፣ ግድግዳው ላይ የተቆረጡ እጅጌዎች በየቁጥራቸው ተሰቅለዋል። ሴትዮዋ አንገቷን ወደ ጎን ዘንበል አድርጋ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና ትሰፋለች። ልጆቹ ሲገቡ ተደናግጣ ተነሣች፣ ጠበቃው ካውያ ሲይዝ ስታይ ግን "ይኼ ልጅ ቤቴን ሊያቃጥል ነው" ብላ ሳቀች።

ቆይታ ወደ እኔ ጠጋ አለች። "እግዜር የተቆጣኝ ነገር አለ" አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ምን እንደሆነ በየቀኑ እጠይቀዋለሁ። አይነግረኝም።"

ጸለይኩላት። ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ረጅም ጸሎት። ጭምቷ በመጋረጃው በኩል ቆማ ታየኝ ነበር።

ረቡዕ፣ የካቲት 13

ታላቄ ራት ላይ፦ "ምን ሆነሽ ነው? ሰሞኑን ተመስገን ስትይ ሰው የምታስፈራሪ ትመስያለሽ።"

ሥራ በዝቶ ነው አልኳት። አየችኝ። እሷ ስታይ መነጽር አያስፈልጋትም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 16

ጠበቃው ጥያቄ አለኝ አለ። አንድ ሰው የሚያውቀውን ነገር ማንም ሳይጠይቀው ዝም ቢል፣ ዋሸ ይባላል? የክፍል ጓደኛው የሌላ ልጅ ስልክ ጥሎ ሰብሮ ዝም ብሏል፣ እሱ አይቷል።

እንደ ሁኔታው ነው አልኩ። ጊዜ አለው አልኩ። ጥበብ ያስፈልጋል፣ ዝምታም ራሱ አንዳንዴ ትሕትና ነው፣ ሰውን ማሳፈርም... ብዙ አወራሁ። በትዕግሥት አዳምጦኝ ሲያበቃ "እትዬ፣ የዛሬው መልስዎ የእኔን ይመስላል" አለኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። አብሬ ሳቅኩ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ነው መቼም።

ዘጠኝ ቀን።

ሐሙስ፣ የካቲት 21

ረጅም ቀን። ከመተኛቴ በፊት ሁሉንም ልጽፈው።

ከምሳ በኋላ ጠበቃውና ሁለት ልጆች እየተሳሳቁ ሱቁ ገቡ። ጋሼ ለጉዳይ ወጥተው ነበር። ጠበቃው የልብስ ሰፊዋን መነጽር በጨርቅ ጠቅልሎ ይዟል። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ከልጆቹ አንዷ ስትቀልድ መነጽሩን ገልብጣ፣ ላዩን ወደ ታች አድርጋ አፍንጫዋ ላይ ሰካችው። ሳቁ። ሴትዮዋም "አምጪው፣ እኔም ከእናንተ ጋር ልበድ" ብላ እንደዚያው ገልብጣ አደረገችው። ከዚያ ሳቋን አቆመች። መርፌውን አነሣችና ክሩን አስገባች።

"ሲገለበጥ ነው የሚሠራው" አለኝ ጠበቃው። "ለምንድን ነው፣ እትዬ? ሕጉ ምንድን ነው?"

ሕጉን በሙያው ያለ ሁሉ ያውቀዋል። መነጽር ሲገለበጥ የቀኙ ሌንስ ወደ ግራ፣ የግራው ወደ ቀኝ ይሄዳል።

ሦስቱም ፊቴ ቆመው እያዩኝ መለኪያው ላይ አስቀመጥኩት። "ሌንሶቹ ተለዋውጠዋል" አልኩ። ተለዋውጠዋል። ራሳቸው ተነሥተው የተለዋወጡ ይመስል። ፈታሁ፣ በቀኙ ላይ ነጥብ አደረግኩ፣ ገጠምኩ፣ አየሁ፣ ከዚያ ጠረግኩ። ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ለአንዲት ልጅ ዓመት የምትሆን ሩብ ሰዓት።

ጋሼ ሲመለሱ ለእሳቸው ነገርኳቸው። እኔ ነኝ አልኩ፣ ተቀያይሮ የገጠምኩት እኔ ነኝ። ይጮኻሉ ብዬ ነበር። ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። "ያንን ልጅ በዚሁ አባርሬዋለሁ" አሉ። እንግዲያው እኔንም ያሰናብቱኝ አልኩ። እሳቸው ግን "ልጁን እጠራዋለሁ" አሉ። "ከእንግዲህ አንዳችሁ የገጠማችሁትን ሌላው ሳይለካው ከዚህ ቤት አይወጣም። የማይሳት እጅ የሚባል ነገር ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ የለም፤ ጥፋቱ የእኔም ነው።" እጃቸውን ለመሳም ደርሼ ነበር።

መነጽሩን ራሴ ወሰድኩት። ሴትዮዋ አደረገችው። ግድግዳውን አየች፣ የተሰቀሉትን እጅጌዎች በቁጥራቸው አንድ በአንድ አነበበች፣ ከዚያ የልጇን ፊት አየች። ተቀምጣ አለቀሰች። "ያልሠራሁትን ኃጢአት ሁሉ ሠርቻለሁ ብዬ ለምኜዋለሁ" አለች። "የልጅነቴን ሳይቀር ቆፍሬ አውጥቻለሁ።" ሱቁ ውስጥ ስህተት ተፈጥሮ ነው፣ የገጠምኩት እኔ ነኝ፣ ይቅርታ አልኳት። አቀፈችኝ። ማን እንደዚህ መጥቶ ይናገራል ብላ መረቀችኝ፣ እጅሽ ይባረክ አለችኝ። ልጆቹ በኩራት ያዩኝ ነበር። ምርቃቱን ተቀበልኩ።

ጭምቷ እስከ በር ሸኘችኝ።

"እትዬ፣ መቼ ነው ያወቁት?"

"ዛሬ" አልኳት። "ልጆቹ ሲያመጡት።"

"እሺ" አለች።

ዓርብ፣ የካቲት 22

ሁሉም ነገር ተስተካክሏል። ሴትዮዋ ታያለች። ጭምቷ ሰኞ ትምህርት ቤት ትመለሳለች፣ በቀነ ገደቡ። ሥራዬም አለ። ለምን ተመስገን ማለት አቃተኝ?

ይህን ደብተር ወደ ኋላ ገለጥኩት። ጥር 14። "መለኪያው አርጅቷል።" ጥር 15። "ሰባቱም ልክ።" በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ። ለማን ነበር የምዋሸው? ይህን ደብተር ከእኔ በቀር የሚያነብ የለም።

አውቅ ነበር። ይኸው ጻፍኩት። መነጽሩ መለኪያው ላይ ሲያርፍ ነው ያወቅኩት፣ ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ። የማይሳት እጅ ተብዬ መጠራት ጣፍጦኝ ነው። በር ላይ ከሚለምነው ሰው ጎን መቆም ፈርቼ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም፤ ፈልጌ አጣሁ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 23

ስምንቱም መጡ፣ ጭምቷም።

ሳምንቱን ከመናገራቸው በፊት ዛሬ እኔ ልጀምር አልኳቸው። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ስለሆንኩ የቤተ ክርስቲያን ቃል ለእኔም ክልክል ነው፤ ባይከለከል ኖሮ ደግሞ እሸፈንበት ነበር። ጥር 14 ቀን የጭምቷ እናት መነጽር ልክ አለመሆኑን አወቅኩ አልኩ። ዝም አልኩ። ሐሙስ ዕለት እናንተ ባታመጡት ኖሮ እስከ ዛሬ ዝም እል ነበር። ሐሙስ ማታ ደግሞ ጭምቷ መቼ አወቁ ስትለኝ ዋሸኋት።

ጠበቃው እንኳ ማስረጃ አልጠየቀም፤ ጫማውን ያይ ነበር። ጥሩ አድርገዋል፣ ደፋር ነዎት ይሉኛል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አላሉም፣ ለዚህም አመሰግናለሁ።

ጭምቷ በጣቶቿ ቆጠረች። "ሠላሳ ሰባት ቀን" አለች።

"አዎ።"

"እኔ ሃያ ቀን ከትምህርት ቀረሁ። እናቴ ግን ሠላሳ ሰባቱንም አልቅሳለች።" ከዚያ ተነሥታ ቦርሳዋን ያዘች። "ለእሷም ይንገሯት። ብቻዎን አይሄዱም፣ እኔ አጠገብዎ እቆማለሁ።"

አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ሦስት ዓመት ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ ይህንን ግን አላስተማርኳትም።

ሄድን። ሴትዮዋ መኪናው ላይ ነበረች። ስነግራት እግሯ ፔዳሉ ላይ እንዳለ ቆመ። ጭምቷ እንዳለችው አጠገቤ ቆማ ነበር፣ ትከሻዋ ትከሻዬን ነክቶት። ሴትዮዋ መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጠረገች፣ መልሳ አደረገችው፣ ፊቴን አየችው።

"እሱን በየቀኑ ስጠይቀው የከረምኩትን" አለች፣ "መልሱን አንቺ ይዘሽው ነበር።"

ጸሎት አልጀመርኩም።

ብትተወኝ፣ ሂጂ ብትለኝ ቀላል ነበር። እሷ ግን አንድ ወንበር በእግሯ ገፋ አድርጋ "ተቀመጪ" አለችኝ። ልጄ ሰኞ ትምህርት ቤት ትገባለች፣ ርክክቡ ደግሞ ዓርብ ነው፣ ሰው ያንሰኛል አለች። አንድ ክምር ሸሚዝና የቁልፍ ቆርቆሮ ጭኔ ላይ አደረገች። ጭምቷ መጽሐፏን ይዛ ከመጋረጃው ጀርባ ገባች፤ ገጽ ስትገልጥ ይሰማኝ ነበር። ያንን ድምፅ እየሰማሁ ሰፋሁ፣ ሙሉ ሰውነቴ ተመስገን እያለ፣ ከንፈሬ ሳይንቀሳቀስ።

ፀሐይ እስክትጠልቅ አራት ሸሚዝ ጨረስኩ። ሴትዮዋ አንድ በአንድ ወደ መስኮቱ እያቀረበች አየቻቸው። ሦስተኛውን ይዛ ቆየች፣ መቀሷን አነሣች፣ ቁልፎቹን ሁሉ ቆርጣ አወረደችና መልሳ ሰጠችኝ።

"ልክ አይደለም" አለችኝ።

"እሺ" አልኳት፣ እና እንደገና ጀመርኩ።